የቅርንጫፍ ድራማ የመጀመሪያ ምሽቶች
«ቤተር ኮል ሶል» በተመልካች ፊት

አንድ ተከታታይ የወንጀል ድራማ ዝናው ከገነነ በኋላ፣ ደራሲዎቹ ከታሪኩ ውስጥ አንዱን ሰው መርጠው ለብቻው ሌላ ተከታታይ ድራማ የሚያቆሙለት ጊዜ አለ። በዚህ ጽሑፍ እንዲህ ያለውን ሥራ ቅርንጫፍ ድራማ፣ የወጣበትንም ሥራ ግንድ ድራማ እንለዋለን። ቅርንጫፉ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ተመልካች ፍርዱን ለመስጠት አይዘገይም፤ አንዱ «ከግንዱ አያንስም» ሲል ሌላው «የግንዱን ስም ለመነገድ የመጣ ነው» ይላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ የመጀመሪያ ፍርድ በእርግጥ የሚመዝነው ምን እንደ ሆነ መመርመር ነው። ለምርመራውም «ቤተር ኮል ሶል» የተባለውን የአሜሪካ ድራማ ወስደናል፤ የተመረጠበትም ምክንያት ድራማው ተፈጽሞ ያለቀ ስለ ሆነ መጀመሪያውን ከመጨረሻው ጋር ለማመዛዘን ስለሚያመች ነው። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ግንዱና ቅርንጫፉ

ግንዱ ቪንስ ጊሊጋን የፈጠረው «ብሬኪንግ ባድ» ነው። ኤ.ኤም.ሲ. በተባለው የኬብል ጣቢያ ከ2008 እስከ 2013 በ5 ምዕራፍና በ62 ክፍል ታይቷል። ዋልተር ዋይት የተባለ የኬሚስትሪ መምህር የካንሰር በሽታ እንደ ያዘው ባወቀ ጊዜ አደገኛ ዕፅ መቀመም ይጀምራል፤ ከዚያም ቀስ በቀስ የወንጀለኞች አለቃ እስከ መሆን ይደርሳል። ሶል ጉድማን የተባለው ጠበቃ ወደ ታሪኩ የገባው በ2009፣ በሁለተኛው ምዕራፍ ነው። ልብሱ ደማቅ፣ ምላሱ ፈጣን፣ ሕግን ያጠናውም ቀዳዳውን ለመፈለግ የሚመስል ሰው ነበር። ጨለማ በበዛበት ታሪክ ውስጥ ተመልካች ጥቂት እፎይ የሚለው እርሱ ሲመጣ ነበር።

ጊሊጋንና የሥራ ባልደረባው ፒተር ጉልድ ይህን ሰው ይዘው ቅርንጫፉን ሲያቆሙ ታሪኩን ወደ ኋላ መለሱት። ዘመኑ 2002፣ ቦታውም በኒው ሜክሲኮ የምትገኘው አልበከርኪ ከተማ ነው። ሰውየው በዚያን ጊዜ ሶል ጉድማን አይባልም፤ ስሙ ጂሚ ማክጊል ነው። በጥፍር ማስዋቢያ ቤት ጓሮ ባለች ጠባብ ክፍል የሚያድር፣ ገንዘብ ያጠረው ጠበቃ ነው። ተዋናዩ ግን ያው ቦብ ኦደንከርክ ነው።

ቁጥሩ የተናገረውና ያልተናገረው

የመጀመሪያው ክፍል የታየው እሑድ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2015፣ ማለትም የካቲት 1 ቀን 2007 ዓ.ም. ነው። ተመልካቹ 6.9 ሚሊዮን ያህል ነበር፤ ይህም በዚያን ጊዜ ለአንድ የኬብል ድራማ መክፈቻ እጅግ ከፍ ያለ ቁጥር ነበር። በማግሥቱ ሰኞ ሁለተኛው ክፍል ሲታይ ግን ቁጥሩ ወደ 3.4 ሚሊዮን ወረደ። ይህን ብቻ ያየ ሰው ግማሹ ተመልካች በአንድ ቀን ውስጥ ድራማውን ጠልቶ ሄደ ሊል ይችላል።

ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። እሑድ ምሽት ቅርንጫፉ የታየው «ዘ ዎኪንግ ዴድ» ከተባለው ሌላ ዝነኛ ድራማ ቀጥሎ ነበር፤ ያንን ድራማ በዚያ ምሽት ከ15 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ተመልክቶታል። ሰኞ ግን እንዲህ ያለ ረዳት አልነበረም። ስለዚህ ከእሑዱ ተመልካች ብዙው ቴሌቪዥኑን ሳይዘጋ የቆየ፣ ወይም «እስቲ ምን አመጡ?» ብሎ የተቀመጠ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ የሚቆጥረው የከፈተውን ነው፤ የወደደውን ለይቶ አይቆጥርም። ይህንንም የሚያጠናክር ማስረጃ በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ተገኘ። የመክፈቻውን ቁጥር የበለጠው «ፊር ዘ ዎኪንግ ዴድ» የተባለ ድራማ ሲሆን፣ እርሱን 10.1 ሚሊዮን ሕዝብ አየው። ይህም ራሱ ቅርንጫፍ ድራማ ነበር። እንግዲህ በመክፈቻ ምሽት የሚቆጠረው ከሁሉ አስቀድሞ የግንዱ ዝና ነው ማለት ይቻላል።

ሦስት ዓይነት አቀባበል

በእነዚህ ሁለት ምሽቶች የታየውን አቀባበል በሦስት መክፈል ይቻላል።

የመጀመሪያው የሚያውቁትን የማግኘት ደስታ ነው። ድራማው በጥቁርና ነጭ ሥዕል ይከፈታል። በነብራስካ አገር በኦማሃ ከተማ፣ መነጽር ያደረገ ባለ ሪዝ ሰው ቀረፋ ያለበት ጣፋጭ ዳቦ ሲጋግር እናያለን፤ የሚያውቀው ሰው እንዳያገኘው ይሳቀቃል። ማታ ቤቱ ገብቶ፣ ጠበቃ በነበረበት ዘመን ያሠራቸውን የቴሌቪዥን ማስታወቂያዎች ለብቻው ይመለከታል። ግንዱን ያየ ሰው፣ ሶል ጉድማን ሊሸሽ ሲል ዕጣው በኦማሃ እንዲህ ያለ ሱቅ ማስተዳደር እንደሚሆን ራሱ ተናግሮ እንደ ነበር ያስታውሳል፤ ስለዚህ አንድ ቃል ሳይነገር ሁሉ ይገባዋል። በግንዱ የምናውቀው ማይክም በመኪና ማቆሚያ በር ላይ ቲኬት ተቀባይ ሆኖ ሲታይ ያው ደስታ ይደገማል። በክፍሉ መጨረሻ በር ተከፍቶ ሽጉጥ የያዘው ቱኮ ሳላማንካ ብቅ ሲል ደግሞ ደስታው ከድንጋጤ ጋር ይደባለቃል።

ሁለተኛው ቅሬታ ነው። ታሪኩ ዘገየ፤ ጠበቃ ከቲኬት ተቀባይ ጋር ስለ መኪና ማቆሚያ ማኅተም ሲጨቃጨቅ ምን ወንጀል አለበት? የሚሉ ነበሩ። ሌሎቹ ደግሞ በተቃራኒው፣ ቱኮን በመጀመሪያው ምሽት ማምጣት ቅርንጫፉ በራሱ እግር መቆም እንዳልቻለ ያሳያል ብለው ነቀፉ። እነዚህ ሁለት ነቀፋዎች እርስ በርሳቸው እንደሚጋጩ ልብ ማለት ይገባል፤ አንዱ ግንዱን አነሰብኝ ሲል ሌላው በዛብኝ ይላል።

ሦስተኛው በሁለተኛው ክፍል የመጣው መለዘብ ነው። ቱኮ ጂሚንና ሁለት መንታ ወንድማማቾችን በረሃ ወስዶ ሊገድላቸው ይነሣል። ጂሚ በምላሱ ብቻ ራሱን ካዳነ በኋላ መሄድ ሲችል ተመልሶ ስለ ልጆቹ ይከራከራል። ቅጣቱን ከሞት እያወረደ፣ እያወረደ፣ በመጨረሻ ለእያንዳንዳቸው አንድ እግር በመሰበር እንዲያልፍ ያደርጋል። በዚህ ትርዒት የምናየው ጂሚን ነው፤ የቱኮ ድርሻ የጂሚን ማንነት ገልጦ ማሳየት ነው። ሲጠራጠሩ የነበሩ ብዙዎች ድራማው የራሱ ነገር እንዳለው ያመኑት እዚህ ላይ ነው።

ምክንያቱ

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሁለቱን ክፍሎች በቅርቡ በማደሪያ ቤት ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ተመልክቷል። ከመካከላችን ግንዱን ያላየ አንድ ብቻ ነበር። ዳቦ ጋጋሪው ሲታይ እኛ «እርሱ ነው!» ብለን ስንንጫጫ፣ እርሱ «ምን አየታችሁ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ወደ ፍርድ ቤቱ ትርዒት ስንደርስ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ጂሚ በሬሳ ላይ አሳፋሪ ሥራ ስለ ሠሩ ሦስት ወጣቶች ሲከራከር፣ ያማረ ንግግር አድርጎ ይቀመጣል፤ ዐቃቤ ሕጉ አንድ ቃል ሳይናገር ቴሌቪዥን እየገፋ አምጥቶ ወጣቶቹ ራሳቸው ያነሡትን ፊልም ያሳያል። ለዚህ ሁሉ ድካም ለጂሚ የተከፈለው 700 ዶላር ነው። በዚህ ከሁላችን ይልቅ የሳቀው ያ ጓደኛችን ነበር። እኛ ሶል ጉድማን እስኪመጣ እንጠብቅ ስለ ነበር ፊታችን የቆመውን ጂሚን አላየነውም።

ከዚህ የምንረዳው ግንዱን ያየ ተመልካች በሁለት ነገር እንደሚታሠር ነው። አንደኛ፣ ፍጻሜውን ያውቃል። ጂሚና ማይክ በዚህ ታሪክ እንደማይሞቱ የታወቀ ስለ ሆነ፣ ሽጉጥ ሲደገንባቸው «ይተርፉ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ኃይል የለውም። ሰውየው እንዴት እንደዚያ ሆነ የሚለው ጥያቄ ቦታውን እስኪወስድ ድረስ ድራማው የዘገየ ይመስላል። ሁለተኛውና ዋናው ግን የማስታወስ ስሕተት ነው። ተመልካች የአዲሱን መጀመሪያ የሚያወዳድረው ከአሮጌው መጨረሻ ጋር ነው። «ብሬኪንግ ባድ» በሴፕቴምበር 2013 ሲፈጸም 10.3 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ተመልክቶታል፤ በጃንዋሪ 2008 ሲጀምር ያየው ግን 1.4 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነበር። ግንዱም በጊዜው ቀስ ብሎ ያደገ ቡቃያ እንደ ነበረ ተረስቷል። የአባት ዕዳ ለልጅ ይተርፋል እንደሚባለው፣ ቅርንጫፉ ከስሙ ጋር ይህንንም ዕዳ ይወርሳል።

ፍርዱ በጊዜ ሲመዘን

ጣቢያው ገና ድራማው ሳይታይ ሁለተኛውን ምዕራፍ አዝዞ ስለ ነበር፣ ደራሲዎቹ የመጀመሪያውን ሳምንት ጩኸት ለማስታገሥ ሲሉ ታሪኩን ማጣደፍ አላስፈለጋቸውም። በመጀመሪያው ምሽት ሶል ጉድማንን የጠበቀ ተመልካች፣ ጂሚ ያንን ስም ለጥብቅና ሥራው ሲይዝ ለማየት እስከ አራተኛው ምዕራፍ መጨረሻ፣ እስከ ኦክቶበር 2018 ድረስ መቆየት ነበረበት። በመጀመሪያው ክፍል ከጂሚ ጋር አንድ ሲጋራ ተካፍላ፣ ጥቂት ቃል ብቻ ተናግራ የምታልፈው ኪም ዌክስለር በግንዱ ውስጥ ፈጽሞ የሌለች ሴት ናት፤ በኋላ ግን የታሪኩ ልብ ሆነች። ድራማው በኦገስት 15 ቀን 2022 በ63ኛው ክፍል ሲፈጸም በቴሌቪዥን በዚያው ምሽት ያየው ከ2 ሚሊዮን ያነሰ ነበር። የሐያስያን አክብሮት ግን ከመክፈቻው ይልቅ ከፍ ብሎ ነበር፤ ከግንዱ የሚበልጥ ነው ያሉም አልታጡም። ሕዝቡ በበዛበት ምሽት ድራማው ገና አልታወቀም፤ በታወቀበት ምሽት ደግሞ ሕዝቡ አልበዛም።

ስለዚህ የተመልካችን አስተያየት ለማጥናት የሚነሣ ተማሪ፣ «ወደድከው ወይ?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት «ግንዱን አይተሃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። የሁለቱ ወገኖች መልስ ሳይለይ ከተደመረ፣ የሚገኘው ውጤት ስለ አዲሱ ድራማ የሚናገር ይመስላል እንጂ አብዛኛው ስለ አሮጌው ነው። ያው ተመልካችም ከአንድ ምዕራፍ በኋላ ዳግመኛ ቢጠየቅ መልካም ነው። እኛም በማደሪያ ቤታችን ተከታዩን ክፍል ስናይ፣ ግንዱን ያላየው ጓደኛችን ከፊት እንዲቀመጥ ተስማምተናል።