አዞን ለዓለም ያስወደደው ሰው

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚለው ተረት በአገራችን ከልጅ እስከ ዐዋቂ የታወቀ ነው። ሰው በደረቱ የሚሳበውን ፍጥረት ሲያይ ከማሰቡ በፊት ይሸሻል፤ መሸሽ ያልፈለገ እንደ ሆነ ደግሞ በትር ያነሣል። የአንበሳን ግርማ የሚያደንቅ፥ የወፍን ዜማ ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ ሰው እንኳ እባብን፥ አዞን፥ አርጃኖንና እስስትን በደግ አያነሣቸውም። ይህም ጥላቻ የአንድ አገር ሕዝብ ብቻ አይደለም፤ በምሥራቅም በምዕራብም ያለ ነው። ዛሬ ለአንባብያን ታሪኩን የምናቀርብለት ሰው ይህን በዓለም የተሠራጨ ጥላቻ በአንድ የቴሌቪዥን ካሜራ፥ በአንድ የካኪ ቁምጣና በማያልቅ ደስታ ለማሸነፍ የተነሣ አውስትራልያዊ ነው። ስሙም ስቲቭ ኧርዊን ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

ስቲቭ ኧርዊን የተወለደው ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1962 በሜልበርን ከተማ ነው። አባቱ ቦብ የቧንቧ ሠራተኛ፥ እናቱ ሊን ደግሞ ነርስ ነበሩ። የሁለቱም ልብ ግን ያዘነበለው ወደ ዱር እንስሳት ስለ ነበር በ1970 ኩዊንስላንድ ወደተባለው ሞቃት ክፍለ አገር ሄደው ቢርዋ በምትባል መንደር አንዲት አነስተኛ የአራዊት ግቢ ከፈቱ። በግቢዋ ውስጥ የሚታዩት አብዛኞቹ እባቦች፥ ገበሎዎችና አዞዎች ነበሩ። ወይዘሮ ሊን እናታቸው የሞተችባቸውን የካንጋሩ ግልገሎች በጡጦ እያጠቡ ያሳድጉ ነበር። እንዲህ ባለ ቤት የሚያድግ ሕፃን ከሌላው የተለየ ቢሆን አያስደንቅም። ለስቲቭ ስድስት ዓመት የሞላው ዕለት ወላጆቹ የሰጡት ስጦታ ኳስ ወይም ብስክሌት ሳይሆን አንድ ትልቅ ዘንዶ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው ደግሞ በአባቱ ተቈጣጣሪነት የመጀመሪያውን አዞ በእጁ ያዘ።

እዚህ ላይ ስለ አውስትራልያ አዞ ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። እኛ በአባያና በጫሞ ሐይቆች የምናውቀው አዞ የናይል አዞ የሚባለው ሲሆን፥ በሰሜን አውስትራልያ ወንዞችና ባሕር ዳርቻዎች የሚኖረው የጨው ውሃ አዞ ደግሞ የዚሁ ዘመድ ነው። በዓለም ካሉት በደረታቸው የሚሳቡ እንስሳት ሁሉ በግዝፈት የሚተካከለው የለም፤ የወንዱ ርዝመት ከ5 ሜትር የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቈዳው ብዙ ዋጋ ያወጣ ስለ ነበር አዳኞች በጠመንጃና በሞተር ጀልባ እየዞሩ ፈጁት። በመጨረሻው ሰዓት ሕግ ደረሰለት፤ ኖርዘርን ቴሪቶሪ በተባለው የሰሜን ግዛት በ1971፥ በኩዊንስላንድ ደግሞ በ1974 እንዳይገደል ተከለከለ። በዚያ በሰሜኑ ግዛት በጊዜው ተርፎ የነበረው 3,000 ያህል ሲሆን፥ ዛሬ ወደ 100,000 እንደ ደረሰ ይገመታል።

ነገር ግን ሕጉ አዞውን ከጠመንጃ ቢያድነውም ከሰው ልብ ጋር አላስታረቀውም። ቍጥሩ እየበዛ ሲሄድ ሰው ወዳለበት ብቅ ማለት ጀመረ፤ ሰውም «ይገደልልን» እያለ ይጮኽ ጀመር። የኩዊንስላንድ መንግሥት በ1980ዎቹ እንዲህ ያሉትን አዞዎች ሳይገድል ከሰው የሚያርቅበትን ዘዴ ሲያወጣ ወጣቱ ስቲቭ በፈቃደኛነት ገባበት። ከውሻው በቀር ጓደኛ ሳይኖረው በባሕር ዳር ረግረግ ውስጥ ብዙ ጊዜ እየሰነበተ፥ በመረብና በገመድ አዞ እየያዘ፥ ዐይኑን በጨርቅ እየሸፈነ ወደ ሌላ ቦታ ወይም ወደ ወላጆቹ ግቢ ይወስድ ነበር። እነዚያ አዞዎች በእርሱ እጅ ባይወድቁ ኖሮ የብዙዎቹ ዕጣ ጥይት ነበር።

በ1991 የግቢውን አስተዳደር ከወላጆቹ ተረከበ። በዚያው ዓመት ቴሪ ሬንስ የምትባል፥ በኦሪጎን የቈሰሉ አራዊት ታስታምም የነበረች አሜሪካዊት ግቢውን ልትጐበኝ መጣች፤ በ1992ም ተጋቡ። ሌሎች ሙሽሮች ለጫጕላቸው ሽርሽር ሲሄዱ እነዚህ ሁለቱ የሄዱት አዞ ሊያድኑ ነበር። ጆን ስቴንተን የተባለው ፊልም ሠሪ ወዳጃቸውም ሥራቸውን በፊልም ያዘላቸው። «አዞ አዳኙ» የሚለው ዝነኛ የቴሌቪዥን ትርኢት የተወለደው ከዚህ የጫጕላ ጉዞ ነው። «አዳኝ» ሲባል ግን በጦር የሚያድን ሳይሆን ከሞት የሚያድን ማለት መሆኑን ተመልካቹ ወዲያው ይረዳው ነበር። ትርኢቱ ከ1996 ጀምሮ በአውስትራልያ፥ ቀጥሎም በአሜሪካ ታየ፤ ከዚያም ከመቶ በሚበልጡ አገሮች ተሠራጨ። ግቢውም በ1998 «አውስትራልያ ዙ» ተብሎ ተሰየመ።

ከእርሱ በፊትም ስለ አራዊት የሚናገሩ ፊልሞች ነበሩ። በአብዛኛው ግን ተናጋሪው ከሩቅ ሆኖ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያስረዳል፤ አዞና እባብ የሚቀርቡትም ለማስፈራራት ነበር። ስቲቭ ኧርዊን ይህን ሥርዓት ገለበጠው። መርዛም እባብ ባየ ቍጥር እንደ ልጅ እየፈነደቀ፥ «ክራይኪ!» እያለ (ይኸውም በእኛ «ወይ ጉድ!» እንደ ማለት ነው)፥ መልኳን፥ ቅርፊቷን፥ አካሄዷን ያሞግሳል። ተመልካቹም መጀመሪያ በሰውዬው ይሥቃል፤ ቀጥሎ ሰውዬው ያየውን ለማየት ይጓጓል፤ በመጨረሻም ሳያስበው አብሮት ያደንቃል።

በዚህ ሣቅ መካከል የሚያስተምረው ትምህርት ግን ቀልድ አልነበረም። እናቲቱ አዞ ከሣርና ከጭቃ በከመረችው ጐጆ ውስጥ 50 ያህል ዕንቍላል ጥላ ሳትሰለች ትጠብቃለች። ጫጩቶቹ ገና በዕንቍላሉ ውስጥ ሳሉ ሲጮኹ ስትሰማ ክምሩን ቈፍራ ታወጣቸዋለች፤ ከዚያም በአፏ ይዛ ወደ ውሃ ታደርሳቸዋለች። በሕይወት ካሉ እንስሳት መካከል በመሣሪያ ከተለካው የመንጋጋ ኀይል ሁሉ የሚበልጠው የዚህ አዞ ነው፤ ያው መንጋጋ ግን የገዛ ጫጩቱን ቈዳ እንኳ ሳይጭር ይሸከማል። ይህን ያወቀ ሰው ከእንግዲህ አዞን «ጨካኝ» ብቻ ብሎ ሊያልፈው አይችልም። እባብም እንደዚሁ ነው፤ እህል የሚያጠፋውን አይጥ የሚበላ የገበሬ ረዳት ነው፤ ሰውንም የሚነድፈው በአብዛኛው ሲረገጥ ወይም መሸሻ ሲያጣ ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን ሰውየው ያልተነቀፈ አልነበረም። በጃንዋሪ 2004 የአንድ ወር ሕፃን የነበረውን ልጁን ሮበርትን በአንድ ክንዱ ታቅፎ፥ በሌላ እጁ ለአዞ ሥጋ ሲያጐርስ በሕዝብ ፊት በመታየቱ ታላቅ ቍጣ ተነሣበት። እርሱ ሕፃኑ ምንም አደጋ እንዳልነበረበት ቢናገርም፥ የኩዊንስላንድ መንግሥት ሕፃናት ወደ አዞ አጥር ውስጥ እንዳይገቡ የሚከለክል ደንብ አወጣ። ሌሎች ዐዋቂዎችም የዱር አውሬ በርቀት ይከበራል እንጂ አይያዝም፥ አይነካም ሲሉ ወቅሰውታል። ነቀፌታው ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ትርኢቱን ያየ ልጅ ሁሉ የሰለጠነ እጅ የለውምና። የእርሱ እምነት ደግሞ ሰው የማይወደውን ነገር አይጠብቅም፥ ለመውደድም መቅረብ አለበት የሚል ነበር። ሁለቱም ወገኖች የያዙት ቁም ነገር አለ።

ሴፕቴምበር 4 ቀን 2006 ስቲቭ ኧርዊን ከኩዊንስላንድ ዳርቻ ባት ሪፍ በተባለው የባሕር ክፍል ፊልም ሲሠራ ሳለ፥ ስቲንግሬይ የሚባለው ጠፍጣፋ ዓሣ በጅራቱ ላይ ባለው እንደ ጦር በሾለ እሾህ ደረቱን ወግቶት በ44 ዓመቱ ዐረፈ። ዕድሜውን በሙሉ ከአዞና ከእባብ ጋር የዋለ ሰው፥ ሰው መግደሉ እጅግ ብርቅ በሆነ ዓይን አፋር ዓሣ መሞቱ ዓለምን አስደነቀ። መንግሥት በክብር ሊቀብረው ቢጠይቅም፥ አባቱ ልጃቸው እንደ ተራ ሰው መታሰብን ይወድ እንደ ነበር ተናግረው አልተቀበሉትም። ሴፕቴምበር 20 ቀን በአዞ ማሳያው አደባባይ በተደረገው መታሰቢያ የስምንት ዓመቷ ልጁ ቢንዲ ሳትርበተበት ስለ አባቷ ስትናገር ብዙ ሰው አለቀሰ።

ነገር ግን ከሞቱ ይልቅ ሊያሳስበን የሚገባ ነገር ከዚያ ቀጥሎ ተደረገ። በኩዊንስላንድ የባሕር ዳርቻዎች ቢያንስ ዐሥር የሚሆኑ ስቲንግሬዮች ተገድለው፥ አንዳንዶቹም ጅራታቸው ተቈርጦ ተገኙ። የተሠራው ለበቀል ነው ተብሎ ተገመተ። ወዳጆቹ ይህ ድርጊት እርሱ ከቆመለት ዓላማ ጋር ፈጽሞ የሚቃረን መሆኑን ወዲያው አስታወቁ። ሰውየውን መውደድና ትምህርቱን መውደድ አንድ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም። የአንድ ሰው ዝና በሣቅና በእንባ ያልፋል፤ ትምህርቱ የሚጸናው ግን ተመልካቹ የጠላውን ፍጥረት በተናደደበት ቀን እንኳ መጠበቅ ሲችል ነው።

ትምህርቱን የሚያጸና ሥራ ግን አስቀድሞ ተጀምሮ ነበር። ኧርዊን ከፊልም ባገኘው ገንዘብ ለአራዊት መጠለያ የሚሆን መሬት ይገዛ ነበር፤ በ2002ም ከባለቤቱ ጋር ዛሬ «የዱር አራዊት አርበኞች» የሚባለውን የጥበቃ ድርጅት አቋቋመ። እናቱ በ2000 በመኪና አደጋ ስለ ሞቱ፥ ለእርሳቸው መታሰቢያ የሚሆን የአራዊት ሆስፒታል በ2004 በአንድ አሮጌ የአቮካዶ ማሸጊያ ቤት ተከፈተ። ይኸው ሆስፒታል እስከ ዛሬ ከ100,000 የሚበልጡ የቈሰሉና የታመሙ እንስሳትን ተቀብሏል። በ2007 ደግሞ በኬፕ ዮርክ፥ በዌንሎክ ወንዝ አጠገብ 135,000 ሄክታር መሬት በስሙ ተከለለ። የማዕድን ኩባንያ አልሙኒየም የሚወጣበትን ባውክሳይት ለመቈፈር ፈልጎ ስለ ነበር ቤተሰቡ ለብዙ ዓመታት ተሟገተ፤ የኩዊንስላንድ መንግሥትም በ2013 ቦታው እንዳይቈፈር ወሰነ።

ከሁሉም ይልቅ የሚያስደንቀው ግን የምርምሩ ታሪክ ነው። ኧርዊን ከኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ጋር ሆኖ ከሚኖሩበት ስፍራ ተወስደው ሌላ ቦታ በተለቀቁ ሦስት ትልልቅ ወንድ አዞዎች ላይ በሳተላይት የሚከታተሉት መሣሪያ አሰሩ። ውጤቱም እርሱ ከሞተ በኋላ በ2007 ስሙ ከአዘጋጆቹ ጋር ተጽፎ ታተመ። ሦስቱም አዞዎች ወደየቤታቸው ተመለሱ፤ እንዲያውም ከምዕራብ ዳርቻ ወደ ምሥራቅ ዳርቻ የተወሰደው አዞ የባሕሩን ዳርቻ ዞሮ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በ20 ቀን ዋኝቶ ገባ። ስለዚህ አዞን ከቦታ ቦታ ማዛወር ብቻውን መፍትሔ አለመሆኑ ታወቀ። በወጣትነቱ ይደክምበት የነበረው ዘዴ ጕድለት እንዳለበት የገለጸው እርሱ ራሱ የተካፈለበት ጥናት ነው። አዞው ካልሄደ ሰው ጠባዩን ዐውቆ፥ ከውሃው ዳር ተጠንቅቆ አብሮት መኖርን መማር አለበት ማለት ነው።

ዛሬ ሥራውን የሚመሩት ባለቤቱ ቴሪና ሁለቱ ልጆቹ ቢንዲና ሮበርት ናቸው። በዲሴምበር 2003 ተወልዶ በሕፃንነቱ በአዞ ፊት የታየው ሮበርት አሁን ጎልማሳ ሆኖ እርሱ ራሱ አዞ ይመግባል፥ ሕዝብ ያስተምራል። ስቲቭ ከአባቱ ጋር በበርደኪን ወንዝ ያገኛት አንዲት የኤሊ ዓይነት በ1997 በስሙ ተጠርታለች፤ በ2009 ደግሞ አንድ የቀንድ አውጣ ዓይነት «ክራይኪ ስቲቭኧርዊኒ» ተባለ። ሳይንስ ራሱ የሰውየውን የደስታ ጩኸት በመዝገቡ ጻፈ ማለት ነው።

ይህ ነገር ለሩቅ አገር ሰው ምን ያደርግለታል የሚል ቢኖር፥ በ2022 የታተመ አንድ ዓለም አቀፍ ጥናት መልስ ይሆነዋል። ከ10,000 በላይ በደረታቸው የሚሳቡ የእንስሳት ዓይነቶች ተመርምረው፥ ከአምስቱ አንዱ የመጥፋት አደጋ እንዳንዣበበበት ተረጋግጧል፤ ከአዞና ከኤሊ ወገን ደግሞ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ በዚህ አደጋ ውስጥ ነው። በሌላ በኩል በዓለም በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 የሚደርስ ሰው በእባብ ንድፊያ እንደሚሞት የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል። ስለዚህ እባብን የሚፈራ ገበሬ ሞኝ አይደለም። ፍርሃት ከጥንቃቄ ጋር ሲሆን ዕድሜ ያረዝማል፤ ከድንቍርና ጋር ሲሆን ግን የማይጐዳውንም የሚጠቅመውንም አብሮ ይደበድባል።

ከስቲቭ ኧርዊን ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት እንግዲህ አዞን እቀፉ፥ እባብን ጨብጡ የሚል አይደለም። የሚያስፈራንን ፍጥረት በትር ከማንሣት በፊት ጠባዩን እንወቅ የሚል ነው። ልጁ በመንገድ ያገኛትን እስስት በድንጋይ ሊመታ ሲል እጁን ይዞ «ቈይ፥ መጀመሪያ ዐይኖቿን ተመልከት፤ አንዱ ወደ ፊት ሲያይ ሌላው ወደ ኋላ እንደሚያይ ታያለህ» የሚል አባት፥ አንድም ቀን ቴሌቪዥን ላይ ሳይወጣ የዚህን አውስትራልያዊ ሥራ እየሠራ ነው።