ቀልብን መሰብሰብ፦ እጅ ባለበት ልብም እንዲኖር

ለዛሬ የመረጥኩት ርዕስ ከራሴ ጥፋት ይነሳል።

እዚህ ጋምቤላ፣ ኒውላንድ፣ በምሠራበት መድኃኒት መደብር አንዲት እናት የስኳር መድኃኒታቸውን ሊወስዱ መጡ። እኔ ስልኩን በትከሻዬ ደግፌ ቤት ስለተኛው የታመመ ልጄ እያወራሁ ነበር። ማዘዣውን አየሁ፤ እጄ ወደ መደርደሪያው ሄደ፤ ክኒኑን ቆጥሬ ሰጠሁ። እርሳቸው ግን አገላብጠው አዩትና፣ «ልጄ፣ የኔ ክኒን ትልቁ ነው፤ ይሄ ትንሽ ነው። ቀልብሽ የት ነው?» አሉኝ። ማዘዣው ላይ የነበረው ሜትፎርሚን ነው፤ እኔ ያነሳሁት ግሊቤንክላሚድ። ሁለቱም የስኳር መድኃኒቶች ናቸው። ነገር ግን ግሊቤንክላሚድ ላልታዘዘለት ሰው ከተሰጠ የደም ስኳርን ከልክ በታች አውርዶ ራስን እስከ መሳት ሊያደርስ ይችላል። አልሐምዱሊላህ፣ እናታችን አስተዋሉ። ጥያቄያቸው ግን እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ።

ቀልብ የት ይሄዳል?

እ.ኤ.አ. በ2010 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት 2,250 አዋቂዎችን በየዕለቱ በስልክ እየጠየቀ፣ ሰዎች ነቅተው ከሚያሳልፉት ጊዜ 47 በመቶ ገደማ የሚሆነውን ከሚሠሩት ሥራ ውጪ በሆነ ሐሳብ እንደሚያሳልፉ አሳይቷል። ሐሳባቸው ሌላ ቦታ በነበረበት ጊዜም ደስታቸው ያነሰ ነበር። ሰውነታችን ገና ያልመጣውን ችግር እንደመጣ ቆጥሮ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉ ሆርሞኖችን ይለቃል። ልብ ይመታል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይጠፋል።

ለዚህ በሕክምናው ዓለም የሚሰጠው ልምምድ «ማይንድፉልነስ» ይባላል። በእኛ አማርኛ ቀልብን መሰብሰብ ብንለው ያስማማል። እ.ኤ.አ. በ1979 ጆን ካባት ዚን የተባሉ አሜሪካዊ ምሁር በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል ለረጅም ጊዜ ሕመምተኞች ሥልጠና ጀመሩ። መነሻው የቡድሂስቶች ልማድ ስለሆነ «ለእኛ ይፈቀዳልን?» የሚሉኝ አሉ። በሆስፒታል የሚሰጠው ሥልጠና አምልኮ የለውም። ትኩረትን ማሠልጠን ብቻ ነው። ሶላት ላይ ቆመን የገበያውን ሂሳብ ስናሰላ ስንት ረከዓ እንደሰገድን የምንጠራጠር እኛም ጉዳዩን እናውቀዋለን። ኹሹዕ በመድረሳ የተማርነው ነው። ይህን ስል ግን ኢባዳን ወደ መድኃኒትነት ለማውረድ አይደለም።

እንዴት እንለማመደው?

1ኛ፦ በአንድ ሥራ ይጀምሩ። ዉዱእ ሲያደርጉ የውኃውን ቅዝቃዜ፣ ቡና ሲቆሉ ሽታውንና ድምፁን ልብ ይበሉ።

2ኛ፦ ሐሳብ መሄዱ አይቀርም። «ሄደ» ብለው ሳይቆጡ ይመልሱት። ልምምዱ መመለሱ ነው፤ መቶ ጊዜ ቢሄድ መቶ ጊዜ ይመልሱት።

3ኛ፦ ሲናደዱ ወይም ሲጨነቁ እግርዎ መሬት መንካቱን እያስተዋሉ ጥቂት ጊዜ በዝግታ ይተንፍሱ። አወጣጡን ከአገባቡ ያርዝሙት።

4ኛ፦ ሲመገቡ ስልክዎን ያርቁ። የባሮን ዓሣ የሚበላ ሰው አጥንቱን ፈርቶ ቀልቡን ይሰበስባል። ሌላውንም ምግብ እንደዚያው ቀስ ብለው ያላምጡ። የጥጋብ ስሜት ወደ አንጎል እስኪደርስ ጊዜ ስለሚወስድ ፈጥኖ የሚበላ ሰው ከሚያስፈልገው በላይ ይበላል።

5ኛ፦ መድኃኒት ሲወስዱ ይቀመጡ፤ ስሙን ያንብቡ፤ ፍሬውን ይቁጠሩ። በክልላችን የተለመደውን የወባ መድኃኒት ኮአርተምን እንውሰድ። አዋቂ ሰው በቀን 2 ጊዜ 4፣ 4 ፍሬ ለ3 ቀን፣ በጠቅላላው 24 ፍሬ ይወስዳል፤ ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲሆን ሰውነት በደንብ ይቀበለዋል። ብዙ ሰው ግን በሁለተኛው ቀን ሲሻለው ሐሳቡ ወደ ሥራው ይሄድና ቀሪውን ይረሳል። ወባውም ያገረሻል። በወሰዱ ቁጥር ማሸጊያው ላይ ምልክት ያድርጉ።

ይህ ልምምድ የተመቻቸው ሰዎች ብቻ አይደለም። በኡጋንዳ የተጠለሉ ከ690 በላይ የደቡብ ሱዳን ሴቶች በተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣ ጥናት፣ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውንና ይህን መሰል ልምምድ ያለበትን የ5 ሳምንት ትምህርት በቡድን ሆነው በድምፅ ቅጂ ያዳመጡት ጭንቀታቸው ካልተማሩት የበለጠ ቀንሷል። ብዙ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች ለሚኖሩበት ለክልላችን ይህ ትልቅ ተስፋ ነው።

ጥንቃቄ

ቀልብ መሰብሰብ መድኃኒትን አይተካም። የግፊት ወይም የስኳር ክኒንዎን በራስዎ አያቋርጡ። ከባድ ነገር ያየ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲቀመጥ ያየው ሊመለስበት ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ዓይኑን ገልጦ፣ በዙሪያው ያለውን እየተመለከተ ይለማመድ። ሐዘን ወይም እንቅልፍ ማጣት ከ2 ሳምንት ካለፈ፣ በተለይም ሞትን መመኘት ከመጣ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ይህ የኢማን ጉድለት ሳይሆን ሕመም ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ መድኃኒት በእጄ ሳለ ስልክ አላነሳም። የመድኃኒቱንም ስም ለደንበኛው ጮክ ብዬ አነባለሁ። እኚያ እናት አሁንም በየወሩ ይመጣሉ። ክኒኑን ከመቀበላቸው በፊት ግን አገላብጠው ያዩታል። እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ፤ የእኛም ቀልብ ይሄዳልና።