«ጥቁር ናት» ብቻ አይበቃም

በኮልፌ ቀራኒዮ ግቢዎች ስሙ ያልታወቀ ወፍ ሲነሳ ወሬው የሚጀምረው ከቀለም ነው። «ትንሽ ናት፣ ጥቁር ናት፣ አበባ ላይ ነበረች» ይላሉ ያዩት እናት። ወፍ የሚያውቅ ሰው ግን ቀለሙን ለጊዜው ያቆየውና «እማማ፣ ምንቃሯ ቀጥ ያለ ነው ወይስ ጎበጥ ያለ?» ብሎ ይጠይቃል። ቀጭንና ጎበጥ ያለ ከሆነ፣ ከጭራዋም መሀል ሁለት ረጃጅም ላባዎች ከወጡ፣ የታየችው «እሷ» ወንድ ተከዜ ሰንበርድ ሳይሆን አይቀርም።

ይህ የአበባ ማር መጣጭ ስሙን ያገኘው ከተከዜ ወንዝ ሲሆን ለሳይንስ የተዋወቀው በ1814 እ.ኤ.አ. ነው። ጥላ ውስጥ ጥቀርሻ ይመስላል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ሐምራዊ ሆኖ ያብረቀርቃል። ብልጭታው የሚመጣው ከላባው ጥቃቅን ንብርብሮች ላይ ብርሃን ሲነጥር ነው። ስለዚህ አንዱ ጎረቤት «ጥቁር» ሌላው «ሐምራዊ» ቢል ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ሴቷ ደግሞ ከሁለቱም የራቀች ደብዛዛ ቡናማ ናት።

ጠባይ ከቀለም ይልቅ የሚታመንበት ጊዜ ብዙ ነው። «ቡናማ ናት፣ ቁንጮ አላት፣ ጭራዋ ከሰውነቷ ይረዝማል፣ በመንጋ መጥተው ኮኩን ይጨርሱታል» የሚል አቤቱታ ከተሰማ ስለ ማውስበርድ ነው። ከዚህ በኋላ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ እንዴት ነው ቅርንጫፉን የሚይዙት? አራቱንም ጣቶቻቸውን ወደ ፊት ማዞር ስለሚችሉ እግራቸውን እስከ ትከሻቸው ከፍ አድርገው ይንጠለጠላሉ፤ ሆዳቸውንም ለፀሐይ ይሰጣሉ። እንዲህ የሚያደርግ ሌላ የጓሮ ወፍ የለም። ወገኑ በሙሉ ስድስት ዝርያ ብቻ ሲሆን ከአፍሪካ ውጭ አይገኝም።

ሦስተኛው የተለመደ ጥያቄ ሲነጋጋና ሲመሽ ከቁጥቋጦ ሥር ስለሚዘምረው ወፍ ነው። ደረቱ ብርቱካናማ፣ ፊቱ ጥቁር፣ ከዓይኑ በላይ ነጭ ቅንድብ የተሰመረበት ከሆነ ሩፔልስ ሮቢን ቻት ይባላል፤ በ1830ዎቹ ኢትዮጵያን በጎበኘው ጀርመናዊ ተጓዥ በኤድዋርድ ሩፔል ስም የተሰየመ ነው። የሌሎችን ወፎች ድምፅ ስለሚቀዳ በጆሮ ብቻ ለመለየት የሞከረውን ሰው ያሳስታል። ዋትልድ አይቢስ የተባለው ግን በጆሮ ብቻ ይለያል፦ በቡድን እያሽካካ ጣሪያ ላይ ሲያልፍ ሰፈሩን ሁሉ ይቀሰቅሳል፤ ሣር ላይ ሲያርፍ ረጅም ጎባጣ ምንቃሩና ከጉሮሮው የተንጠለጠለው ሥጋ ይታያል። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ሌላ የትም አይኖርም።

ከእነዚሁ አገሮች የማይወጣ ሌላም አለ፤ ጭራው አጭር፣ አካሉ በአብዛኛው አረንጓዴ፣ ምንቃሩ ቀይ የሆነ ትንሽ በቀቀን። «ከሰው ቤት ያመለጠ ነው» ተብሎ ይታለፋል እንጂ አገር በቀል ነው። ግንባሩ ቀይ ከሆነ ወንድ ነው።

ቦታውም ራሱ ይመሰክራል። በኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል፤ «ከፍታው 2,400 ሜትር ገደማ፣ የመኖሪያ ግቢ» ሲባል ግን አብዛኞቹ ወዲያው ይወድቃሉ። ለመጠን ደግሞ ሴንቲ ሜትር አያስፈልግም፤ ከድንቢጥ ያንሳል፣ ከርግብ ይበልጣል፣ ቁራን ያህላል ማለት ይበቃል። መርሊን የተባለው የስልክ መተግበሪያም ቦታን፣ ቀንን፣ መጠንን፣ ቀለምንና ወፉ ሲያደርግ የነበረውን ይጠይቃል። ጥርጣሬ ከተረፈ ሬድማን፣ ስቲቨንሰንና ፋንሾ ያዘጋጁት የአፍሪካ ቀንድ ወፎች መጽሐፍ ሥዕሎች አሉ፤ በ1966 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም አለ።

ጠያቂው ግን አደራ፣ መልሱን በተመልካቹ አፍ አያስገባ። «ጭራው ቀይ ነበር አይደል?» ከተባሉ እማማ ቀይ ማየታቸው አይቀርም። «ጭራውስ?» ብሎ ዝም ማለት ይሻላል፤ «አላየሁትም» ካሉም እንደዚያው ይጻፍ።