በገቢ ያነሰችው አገር ልጆቿን እንዴት አዳነች?

በልማት አገልግሎታችን ዘወትር የሚነሣ ጥያቄ አለ። አገር ሀብት ስታፈራ የሕዝቡ ጤናና ደኅንነት በራሱ ጊዜ ይከተላልን? ወይስ ለብቻው ሊታሰብበትና ሊደከምበት ይገባል? እስከ 1971 እ.ኤ.አ. በአንድ መንግሥት ሥር የነበሩት ፓኪስታንና ባንግላዴሽ ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ ናቸው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለቱ ሲለያዩ የባንግላዴሽ ዕጣ የከፋ ነበር። በ1970 የደረሰው ማዕበል በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ፈጀ፤ ጦርነት ተከተለ፤ በ1974 ደግሞ ረኃብ ገባ። በነፍስ ወከፍ ገቢም ፓኪስታን ለረጅም ዘመን ትበልጥ ነበር።

የሕፃናትን ሞት ስንመለከት ግን ነገሩ ይለያል። በ1990 በሁለቱም አገሮች ከሚወለዱ 1000 ሕፃናት 140 ያህሉ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2020 ይህ ቁጥር በባንግላዴሽ ወደ 30 ገደማ ሲወርድ በፓኪስታን ከ60 በላይ ነበር። ባንግላዴሽ በዚህ ረገድ የቀደመችው በገቢ ገና ከፓኪስታን በታች በነበረችበት ወቅት ነው።

ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። የክትባት መስፋፋት፣ ቤት ለቤት የሚዞሩ ሴት የጤና ሠራተኞች፣ በገጠር ሁለተኛ ደረጃ ለሚማሩ ልጃገረዶች የተሰጠው የገንዘብ ድጎማ ሁሉም ድርሻ አላቸው። እኛ ግን ለሰበካዎቻችን ይበልጥ በሚቀርበው በአንዱ ላይ እናተኩር።

ብራክ የተባለው የአገሬው ድርጅት ከ1980 እስከ 1990 ባሉት ዓመታት ሠራተኞቹን ከ12 ሚሊዮን በላይ ወደሆኑ ቤቶች ላከ። እነርሱም ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን የሚሰጠውን የጨው፣ የስኳርና የውኃ ድብልቅ እናቶች በገዛ ጣታቸው ቆንጥረው፣ በእፍኛቸው ለክተው እንዲያዘጋጁ አስተማሩ። የአስተማሪዋ ክፍያ በጎበኘችው ቤት ብዛት ብቻ አልተወሰነም። ከጊዜ በኋላ ሌላ ሰው ከቤቶቹ ጥቂቱን መርጦ እናቲቱ የተማረችውን ምን ያህል እንደያዘች ይመረምራል፤ ክፍያውም በዚያው ልክ ይሆናል።

ይህም ብቻውን አልበቃም። እናቶቹ ትምህርቱን ቢይዙም ብዙዎቹ እንደማይሠሩበት ታወቀ። ሲጣራ ከአስተማሪዎቹ መካከል ራሳቸው የማያምኑበት ነበሩ፤ ለአባወራዎቹም አልተነገረም ነበር። ሁለቱም ሲታረሙ ተጠቃሚው በረከተ።

ንጽጽራችን ሚዛኑን እንዳይስት ይህንም እንጨምር። ፓኪስታንም በ1994 የሴት ጤና ሠራተኞች መርሐ ግብር ጀምራለች። ባንግላዴሽም ከመከራ አልዳነችም፤ በ2013 በዳካ አቅራቢያ የልብስ ፋብሪካዎች የነበሩበት ሕንፃ ተደርምሶ ከ1100 በላይ ሰዎች ሞተዋል። አንዲቱን አመስግነን ሌላይቱን ልንነቅፍ አይደለም። ገቢ ያስፈልጋል፤ ዳሩ ግን ወደ እያንዳንዱ ቤት የሚያደርሰው ከሌለ መንገድ ላይ ይቀራል።

የተከበራችሁ አባቶችና የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ እኛም በየሩብ ዓመቱ ሪፖርታችን «ይህን ያህል ሰው ሠለጠነ፣ ይህን ያህል ክፍል ተሠራ» እያልን እንጽፋለን። ከሥልጠናው በኋላ በቤት ውስጥ ምን ተለወጠ ብለን የጠየቅንበት ጊዜ ግን ጥቂት ነው። ይህ የእኛም ጉድለት ነው።

ቤት ለቤት የሚደርስ ሰው ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የነፍስ አባት የልጆቹን ደጅ ያውቃል፤ ሕፃን ሲታመምም ከሚጠሩት ቀዳሚው እርሱ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰበካ በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ሦስት ነገር እንዲያደርግ እናሳስባለን። አስቀድሞ ካህናቱ ከቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋር ተቀምጠው ትክክለኛውን መጠንና አሰጣጥ ይማሩ፤ ያላመኑበትን ይጠይቁ። ቀጥሎም ትምህርቱ ለእናቶች ብቻ ሳይሆን ለአባቶችም ይሰጥ። በመጨረሻም ከወር በኋላ ኮሚቴው ዐሥር ቤቶችን መርጦ ይጠይቅ፤ ያገኘውንም፣ ጉድለት ቢሆን እንኳ፣ ሳይሸሽግ ይጻፍልን። ከተሞላ የስም ዝርዝር ይልቅ ያ ሪፖርት ይጠቅመናል።