በግርዶሹ ዕለት የእረኞችን ዓይን ማን ይጠብቃል?

ኢተያ፦ ከአሰላ ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በኢተያ አካባቢ የሚኖር ገበሬ በሐምሌ ወር ዓይኑ ከስንዴው ማሳና ከደመናው አይነቀልም። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ከቀትር በኋላ ግን ወደ ሰማይ የሚያስቀና ሌላ ምክንያት ይመጣል። በዚያን ዕለት ጨረቃ በፀሐይና በምድር መካከል ስለምታልፍ የፀሐይ ግርዶሽ ይሆናል።

ሙሉው ግርዶሽ የሚያልፈው በደቡብ ስፔን፣ በሰሜን አፍሪካ፣ በሳዑዲ ዐረቢያና በየመን በኩል እስከ ሶማሊያ ጫፍ ነው። በግብፅ ሉክሶር አጠገብ ፀሐይ ከ6 ደቂቃ በላይ ፈጽማ ትሸፈናለች። በአርሲ ግን የምትሸፈነው በከፊል ብቻ ነው። ልዩነቱ ለዓይን ከባድ ነው። ፀሐይ ፈጽማ በተሸፈነችባቸው ጥቂት ደቂቃዎች በባዶ ዓይን ማየት ይቻላል፤ በከፊል በተሸፈነችበት ሥፍራ ግን ለአንድ አፍታም አይቻልም። «ሲጨልም ማየት ይቻላል» የሚል ወሬ ከሌላ አገር ቢሰማ ለኢተያ አይሠራም።

ጉዳቱ የሚያታልለው ሳያም መድረሱ ነው። ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ስስ ሽፋን ሕመም አይሰማውም። ተመልካቹ ዓይኑ መደብዘዙን የሚያውቀው ከሰዓታት በኋላ ሲሆን፣ ጉዳቱም ላይድን ይችላል። በጥላሸት የጠቆረ መስታወት፣ የራጅ ፊልም፣ ተራ የፀሐይ መነጽር፣ በሳህን ውሃ ላይ መመልከት፣ አንዱም አያድንም። ስስ ደመናም መከላከያ አይሆንም። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ ፀሐይ እንደ ቀለበት ሆና በታየች ጊዜ ተመልካቾች ለግርዶሽ በተሠራ ልዩ መነጽር ተጠቅመዋል።

መነጽሩ ባይገኝ ገንዘብ የማይጠይቅ ዘዴ አለ። ካርቶን በመርፌ ይበሳል፤ ጀርባን ለፀሐይ ሰጥቶ በቀዳዳው የሚያልፈውን ብርሃን በነጭ ወረቀት ላይ ማሳረፍ ነው። ወረቀቱ ከካርቶኑ 1 ሜትር ሲርቅ 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያላት ፀሐይ ትታያለች፤ ግርዶሹ ሲገፋ እንደ ማጭድ ትሆናለች። በቀዳዳው አጮልቆ ፀሐይን መመልከት ግን አይገባም። በዛፍ ቅጠል መካከል የሚሾልከው ብርሃንም መሬት ላይ ይህንኑ ያሳያል።

ለአደጋው ይበልጥ የተጋለጡት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከብት ይዘው ሜዳ የሚውሉ ልጆች ናቸው። የየቀበሌው የገበሬ መሪዎች ከወዲሁ በስብሰባ፣ በዕድር፣ በገበያ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ ማስታወቅ ይጠበቅባቸዋል። በካርቶኑ መለማመድ በማንኛውም ብራ ቀን ይቻላል። ፀሐይን ወረቀት ላይ ማየት የለመደ እረኛ በግርዶሹ ዕለት ቀና ማለት አያስፈልገውም።