አክታዎን ሰጥተዋል፤ ውጤቱንስ ተቀብለዋል?

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ያለበት ሰው አክታውን መመርመር እንዳለበት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ሲናገሩ ቆይተዋል። ብዙ ሰውም ሰምቶ ይሄዳል። ችግሩ ያለው ከዚያ ወዲያ ነው። አክታውን ሰጥቶ ሲያበቃ ውጤቱን መስማት የሚፈራ፣ ቀጠሮው ሲደርስ «ዛሬ ገበያ ነው፣ ነገ ማኅበር ነው» እያለ የሚቀር ወገን ጥቂት አይደለም።

ውድ አንባቢ፣ ዝናብ መጠበቅ፣ አዝመራ መጠበቅ፣ ላሟ እስክትወልድ መጠበቅ ለእርስዎ አዲስ ነገር አይደለም። የምርመራ ውጤት መጠበቅ ግን ሌላ ነው። እጅዎ ሞፈር ጨብጦ ሐሳብዎ ላቦራቶሪ ይውላል። ሌሊት በላብ ተጠምቀው ሲነቁ «ልጆቼን ማን ያሳድጋቸዋል?» ይላሉ፤ ለባለቤትዎ እንኳ አይናገሩም። ይህ የደካማ ሰው ነገር አይደለም፤ ማንም ቢሆን ይፈራል። ነገር ግን ፍርሃቱ የሚያተርፈው የለም። በሽታው ካለ፣ ውጤቱን ሳይሰሙ በቆዩ ቁጥር ሳንባዎን እየጎዳ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ወደሚተኙትም እየተላለፈ ይሄዳል። ከሌለ ደግሞ በባዶ ሜዳ መሳቀቅ ነው።

ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮኽ የሳንባ ነቀርሳን የሚያመጣውን ጀርም ማግኘቱን በበርሊን ከተማ ያስታወቀው በመጋቢት ወር 1874 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1882) ነው። ስለሆነም ብርድ አያመጣውም፣ ምች አያመጣውም፣ የጎረቤት ዓይንም አያመጣውም። የሚተላለፈው በትንፋሽ ነው፤ በአንድ ገበታ በመብላት ወይም እጅ በመጨባበጥ አይደለም። መድኃኒት ከተገኘለትም ብዙ ዘመን ሆኖታል። መድኃኒት ያልተላመደው የሳንባ ነቀርሳ በ6 ወር ሕክምና ይድናል፤ በመንግሥት ጤና ተቋማትም መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል።

ታዲያ ውጤቱ ለምን ይቆያል? ጤና ኬላው አክታ የሚመረምር ላቦራቶሪ ስለሌለው አክታው ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። በማይክሮስኮፕ ከሆነ አክታው መስታወት ላይ ተቀብቶ፣ ቀለም ተደርጎበት፣ ባለሙያው ዓይኑን ተክሎ ጀርሙን ይፈልጋል። ለዚህም ሁለት ጊዜ አክታ ይጠየቃሉ፤ አንደኛው የጧት ነው። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው መሣሪያ ባለበት ግን መሣሪያው ከ2 ሰዓት ባነሰ ጊዜ መልስ ይሰጣል፤ ጀርሙ ሪፋምፒሲን የተባለውን መድኃኒት ተላምዶ እንደሆነም ይናገራል። ይሁንና በየጤና ጣቢያው ስለማይገኝ አክታው ወደ ሌላ ቦታ ተልኮ ቀናት ሊፈጅ ይችላል። እንግዲህ መዘግየቱ የመንገዱ ነው እንጂ «ክፉ ነገር ቢያዩብኝ ነው የደበቁኝ» የሚያሰኝ አይደለም። ሲመዘገቡ ስምዎን ከነአያትዎ፣ ቀበሌና ጎጥዎን፣ የራስዎን ወይም የሚያምኑትን ጎረቤት ስልክ ያስመዝግቡ። በአንድ ቀበሌ ስንት ካሳ፣ ስንት ሞላ አለ!

በማታው የመሠረተ ትምህርት ክፍላችን የሚማሩ አንድ አባት አሉ፤ ነገሩን እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። ከላቦራቶሪ የተሰጣቸውን ወረቀት ለሐኪሙ ማሳየት ሲገባቸው፣ ወረፋው ረዝሞ ፍርሃቱም ብሶባቸው፣ በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው ወደ ቤት ይዘውት ገቡ። ሦስት ቀን ሙሉ ለማንም ሳይናገሩ ዕዳቸውን ሲቆጥሩ፣ ወይፈናቸውን ለመሸጥ ገዢ ሲያነጋግሩ ሰነበቱ። በአራተኛው ቀን ማታ ከትምህርት በኋላ ወረቀቱን ዘርግተው «ልጄ፣ ይህችን መደመር አውቃታለሁ፤ ምን ከምን ደመሩብኝ?» አሉኝ። ከ2 ቁጥር አጠገብ የመደመር ምልክት ነበረች። በነጋታው ጧት ጤና ጣቢያ ደረሱ። አሁን መድኃኒቱን ከጀመሩ አራተኛ ወራቸው ነው። ወይፈኑም አልተሸጠ፤ ቀንበር ለምዷል።

ወረቀቱ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ይህ ነገር ሊታሰብበት ይገባል እላለሁ፤ ሰው ስለ ራሱ ሳንባ የተጻፈውን ማንበብ አለበት። እስከዚያው ድረስ ይህን ይያዙ፦ «ኔጌቲቭ» ማለት ጀርሙ አልተገኘም፣ «ፖዘቲቭ» ማለት ተገኝቷል ነው። በማይክሮስኮፕ ከሆነ ከ1 እስከ 3 ያለው ቁጥር ከመደመር ምልክት ጋር የሚጻፈው የታየውን ጀርም ብዛት ለመግለጽ ነው። ባለ 3 የሆነ ሰው ተስፋ የለውም ማለት አይደለም፤ ባለ 1ም ቀላል ነው ብሎ ቤቱ አይቀመጥም። የኤች አይ ቪ ምርመራ እንዲያደርጉም ይጠየቁ ይሆናል። ሁለቱ በሽታዎች ስለሚደራረቡ ለሁሉም የሚቀርብ ጥያቄ ነው እንጂ እርስዎን ለይቶ መጠርጠር አይደለም። ውጤቱም ሚስጥር ነው።

በሚጠብቁባቸው ቀናት ሲያስሉ አፍና አፍንጫዎን በነጠላ ወይም በጋቢ ጫፍ ይሸፍኑ። መስኮትና በር ከፍተው ቤቱን ያናፍሱ፤ ከተቻለ ከሕፃናት ተለይተው ይተኙ። ምግብ አይተው። ከጎረቤት የተረፈ ክኒን ለምነው አይዋጡ። ጸበል የሚሄዱም እንደሆነ ውጤቱን ተቀብለው፣ መድኃኒት ከታዘዘልዎትም መድኃኒትዎን ይዘው ይሂዱ።

ውጤቱ ኔጌቲቭ ሆኖ ሳሉ ካልተወዎት «የለብኝም ተብያለሁ» ብለው አይቅሩ፤ ተመልሰው ይታዩ፣ ራጅም ሊታዘዝ ይችላል። ፖዘቲቭ ከሆነ ሕክምናው በዚያው ይጀመራል፤ የቤተሰቡም ሰው ሁሉ፣ ይልቁንም ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች፣ ይታያሉ። መድኃኒቱን እንደ ጀመሩ ሽንትዎ ቀይ ቢሆን አይደንግጡ፤ ደም አይደለም፣ የሪፋምፒሲን ቀለም ነው።