ከመደርደሪያ ማንሣትና አለመግዛት፦ የፒኮ ጉዳይ

የጸሐፊ ነጻነት አንባቢ ዘንድ የሚደርስበት መንገድ ከሌለው ሙሉ አይሆንም፤ ቤተ መጻሕፍት ከእነዚህ መንገዶች አንዱ ነው። በኒውዮርክ ግዛት የአይላንድ ትሪስ ትምህርት ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1976 የከርት ቮንጋትን «ስሎተርሃውስ ፋይቭ» ጨምሮ በርካታ መጻሕፍትን ከትምህርት ቤት አብያተ መጻሕፍት አስነሣ። ስቲቨን ፒኮና ሌሎች ተማሪዎች ቦርዱን ከሰሱ። በ1982 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ የቦርዱ ዓላማ በችሎት እንዲመረመር ወሰነ። ዳኛ ብሬናን ሐሳብን የመቀበልን መብት መሠረት አድርገው፣ ቦርዱ ይዘታቸውን ስለጠላ ብቻ መጻሕፍትን ማስወገድ እንደማይችል አተቱ። ሆኖም ሐተታው የአብላጫውን ዳኞች ድጋፍ አላገኘም፤ የተመለከተውም ማስወገድን እንጂ ግዥን አልነበረም። ክፍተቱ እዚህ ላይ ነው። የተወገደ መጽሐፍ ክርክር ያስነሣል፤ ሆን ተብሎ ያልተገዛ መጽሐፍ ግን ዱካ አይተውም። ስለዚህ የአንባቢ መብት ጥበቃ የሚጀምረው ከክስ በፊት፣ በጽሑፍ ከሰፈረና ለሕዝብ ግልጽ ከሆነ የመጻሕፍት መረጣ መመሪያ ነው።